ሁለት ቁጥር ላይ ያልነበርኩበት ጠዋት

የዘንድሮን መስቀል ከእኛ ጋር ልታሳልፍ የወንድሜ ልጅ ትዕግሥት ከዩኒቨርሲቲ መጣች። አስተማሪ ናት፤ እያስተማረችም ትማራለች። የእንሰት አተካናው ትኩስ ቀርቦ፣ ቅቤው ዳር ዳሩን እየወረደ፣ "ትምህርትሽ የት ደረሰ?" ብዬ ጠየቅኋት። ለወግ ያህል ነው እንጂ ብትነግረኝም እንደማይገባኝ አውቄዋለሁ። እኔ መሠረተ ትምህርት ፊደል አስቆጥሮ የለቀቀኝ ሰው ነኝ።

"ስለ ሬዲዮ ነው የምጽፈው፣ አጎቴ" አለችኝ።

"ዜና የሚያወራው?"

"አይደለም፣ ሰው የሚነጋገርበት። አለቃ የሌላቸው ሬዲዮዎች ናቸው። የራሳቸው ቻናል የላቸውም። የሌላውን ቻናል ያዳምጡና ባዶ ከሆነ ይገቡበታል፤ ባለቤቱ ሲመጣ ለቀው ሌላ ይፈልጋሉ። የትኛው እንደሚሻል የሚመርጡት ራሳቸው ናቸው።"

ማንኪያውን አስቀመጥኩት። "ባለቤቱ መጥቶ ሁሉም ሲበተን፣ መልሰው እንዴት ይገናኛሉ? ሁለቱም ሲፈላለጉ አይተላለፉም?"

ልጅቷ አፍጥጣ አየችኝ። "አጎቴ! ይሄን ማን ነገረህ? ሁለት ዓመት የለፋሁበት ጥያቄ እኮ ነው!"

ማንም አልነገረኝም አልኳት። ቤቱ ሁሉ ሳቀ፤ "ሄራሞ በስተርጅና ዶክተር ሆነ" አሉ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። አተካናውን ግን ሳልጨርስ ከማዕድ ተነሳሁ።

ነገሩ የዛሬ ሠላሳ ዓመት ገደማ ነው፤ መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት ሆኖታል። እኔ ሠላሳ አልሞላኝም፣ አዲስ ያገባሁ ነኝ። ለእናቶችና ለሕፃናት ጤና የሚሠራ አንድ ፕሮጀክት ወደ አገራችን መጥቶ አንጋጫ ላይ ቢሮ ከፈተ። ቢሮ ማለት ከከተማው በላይ፣ ነፋስ የማያጣው ጉብታ ላይ የተሠራች ባለ ሁለት ክፍል ቆርቆሮ ቤት ናት። እኔን ዘበኛ አድርገው ቀጠሩኝ።

ያን ጊዜ ስልክ ብሎ ነገር የሚታመን አልነበረም። ስለዚህ ፕሮጀክቱ ሦስት የመገናኛ ሬዲዮ አመጣ። አንደኛው የፕሮጀክቱ መኪና ካለበት ከሆሳዕና፣ ሁለተኛው ከእኛ ዘንድ፣ ሦስተኛው ከሀደሮ በታች በጤና ኬላ ከሚሠራው ከድሬሰር ማርቆስ ጋር ተቀመጠ። ሀደሮና ሆሳዕና በቀጥታ አይሰማሙም፤ የሐምበሪቾ ተራራ መሃል ገብቷል። ሀደሮ የተናገረውን አንጋጫ ተቀብሎ ለሆሳዕና ያቀብላል። አንጋጫ ዝም ካለ ሀደሮ ጉድጓድ ውስጥ እንደሚጮህ ሰው ነው።

እኔ ዘበኛው ሬዲዮ ላይ እንዴት ተቀመጥኩ? ከአዲስ አበባ የመጣው ቴክኒሻን የቢሮውን ፀሐፊ ሊያስለምድ ፈልጎ ራቅ ብሎ እየሄደ ቁጥር ይጠራል። ሬዲዮው ደግሞ ቅጠል እንደሚያጥብ ዝናብ ይንሿሿል። ፀሐፊው ከአሥሩ አራቱን ሰማ። እኔ በር ላይ ዱላዬን ተደግፌ ቆሜ አሥሩንም ደገምኩለት። "ይሄ ዘበኛ ጆሮው የሰይጣን ነው!" አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንበሩ የእኔ ሆነ። እውነቱን ልናገር፣ የእኔ መጥፎ ነገር የተጀመረው ያን ቀን ነው። ሰው "ጆሮ አለህ" ሲባል፣ ከዚያ በኋላ የሌላ ሰው ቃል አይገባበትም።

ቻናሎቹ አራት ናቸው፤ በቁጥር እንጠራቸዋለን፣ ዘወትር የምንጀምረውም በአንድ ነው። የእኛ ግን አይደሉም፤ መንገድ የሚሠሩት ሰዎች ናቸው ባለቤቶቹ። ስምምነቱ እነሱ ዝም ሲሉ እኛ እንናገራለን፣ እነሱ ሲገቡ ቃላችንን ከመሃል ቆርጠን እንወጣለን ነው። ይህ ለእኛ አዲስ አይደለም። መከር ከተነሳ በኋላ ከብት በሰው ማሳ ላይ ይለቀቃል፤ ባለቤቱ ሞፈሩን ይዞ ብቅ ሲል ከብቱን ሰብስቦ መውጣት ነው፣ ጠብ የለበትም።

ቴክኒሻኑ ሕጉን ወረቀት ላይ ጽፎ ግድግዳ ላይ ለጠፈልን። አጭር ነበር፤ እኔም እየቆጠርኩ አነበብኩት። "አንድ ላይ ባለቤቱ ከገባ ሁላችሁም ወደ ሁለት። አንጋጫ ሁለት ላይ ይቀመጥ፣ አይነቃነቅ። የጠፋው ዞሮ ይመጣበታል።" "ሁለት ላይም ባለቤቱ ቢኖርስ?" ብዬ ጠየቅሁት። "እስኪጨርስ ጠብቅ። ቀኑን ሙሉ አያወራም" አለኝ።

እኔ ግን ሰባት ወር ሙሉ አዳመጥኩ። ሁለት ላይ ጠዋት ጠዋት የገልባጭ መኪና ሾፌሮች ይበዙበታል፤ የትናንትናውን ጭፈራ ሁሉ የሚያወሩት እዚያ ነው። አራት ግን እስከ ቀትር ድረስ ባዶ ሜዳ ነው። ይህን ካወቅሁ በኋላ ወረቀቱ የሕፃን ሥራ መሰለኝ። ማርቆስን፣ "ሁለትን ተወው። ባለቤቱ ከመጣ በቀጥታ አራት። እዚያ ካጣኸኝ እየዞርክ ፈልገኝ፤ በየቁጥሩ ሦስት ጊዜ ጥራኝ፣ እስከ ሃያ ቁጠርና እለፍ" አልኩት።

"ሃያ አይበዛም?" አለኝ።

"እናንተ ካቶሊኮች ጸሎታችሁም ረጅም ነው፤ ሃያ አይከብድህም።"

"እናንተ ጴንጤዎች ደግሞ ሃያ ሳትደርሱ አሜን ትላላችሁ፤ አንተ መድረስህን አረጋግጥልኝ።"

እንዲህ እየተቀላለድን ተስማማን። ማርቆስ ጥሩ ሰው ነው፤ አብሮ አደጌም ነው፣ አማርኛው ሲያልቅበት በከምባትኛ እንጨርሰዋለን። ሆሳዕና ያለችው አበበች ግን ሌላ ናት። የሀዲያ፣ የሌሞ ልጅ፣ ቁጥብ፣ ወረቀት የምታከብር ሴት። ስለ አራት ቁጥር ስነግራት፣ "ወረቀቱ ላይ አለ?" አለችኝ።

"ወረቀቱ ላይ የለም። ጆሮዬ ላይ ነው ያለው።"

"እንግዲያው ጆሮህን ግድግዳ ላይ ለጥፈው፤ ያን ጊዜ አነበዋለሁ።"

እሷ ከሁለት አልተነቃነቀችም። እኔና ማርቆስም ለወራት በአራት ተገናኘን፤ አንድ ቀን እንኳ አልሳትንም። ብሳሳት ይሻለኝ ነበር። ሰባት ጊዜ ልክ የሆነ ሰው ስምንተኛውን አይጠረጥርም።

ሐምሌ ገባ። ጉሙ ሐምበሪቾን ከአናቱ እስከ ወገቡ ውጦታል። ከበላዬ የእንሰቱ ቅጠል ውሃ ያንጠባጥባል፣ ከበታቼ መንገዱ እንደ ቡኮ ሆኖ የጋሪ ፈረስ እስከ ጉልበቱ ይገባበታል። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ትኩስ ድንች በዳጣ እየበላሁ ሳለ ሬዲዮው ጮኸ።

"አንጋጫ፣ አንጋጫ፣ ሀደሮ ነኝ።"

"ሀደሮ፣ ቀጥል።"

"አስቸኳይ ነው። የሉቃስ ሚስት አማረች ንጋት ላይ ወለደች። እንግዴ ልጁ አልወጣም፣ ደም እየፈሰሳት ነው፣ ከእኔ አቅም በላይ ነው። መኪና ይላክ። ያለሁት..."

"ግሬደሩ ተነሳ ወይ? ያ ሾፌር የት ሄደ?" አለ ሌላ ወፍራም ድምፅ። ባለቤቱ ገባ። ማርቆስም እንደ ደንቡ ወጣ፤ እኔም ወጣሁ።

የተቆረጠው ቃል ቦታው ነው። ማርቆስ ሁለት ኬላ ነበረው፤ ላይኛው ከመኪና መንገዱ ዳር፣ ታችኛው ከወንዙ ማዶ። ሬዲዮውን በትከሻው ይዞ ቀን እየለየ ይመላለስ ነበር። ወንዙ በክረምት ጠባዩ የታወቀ ነው። ጠዋት መኪና ይሻገረዋል። ከቀትር በኋላ ተራራው ላይ የጣለው ዝናብ ወርዶ ሲሞላው እስከ ማግስቱ ማንም አይሻገረውም። ከሆሳዕና እስከ ወንዙ በዚያ ጭቃ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። እንግዲህ አማረች ያለችው ታችኛው ኬላ ከሆነ፣ መኪናው አሁኑኑ መነሳት አለበት።

መጀመሪያ ሁለት ቁጥር ገባሁ፤ ያን ጠዋት ሾፌሮቹ አልነበሩበትም፣ አበበችን አገኘኋት። ነገርኳት።

"መኪናው አለ፤ ሾፌሩም እዚሁ ነው። የቱ ኬላ?"

"አልሰማሁም።"

"እዚሁ ሁለት ላይ ቁጭ በል፣ ይመጣል።"

"አይመጣም። ወደ አራት ነው የሚሄደው። እኔ አይደለሁም የማውቀው?"

"እንግዲያው መኪናው ይነሳና አንተ ጋ ይምጣ። አንጋጫ እስኪደርስ ድረስ ማርቆስን ታገኘዋለህ" አለች።

እዚህ ላይ ቆሜ ራሴን ስንት ጊዜ እንደጠየቅሁ እኔ ነኝ የማውቀው። ምን ነበር "ይምጣ" ብል? ባለፈው ሳምንት ያው ሾፌር ያልተጣራ መልእክት ሰጥቼው በከንቱ ተመልሶ፣ ሰው ፊት "የአንጋጫ ጆሮ ግማሽ ነው የሚሰማው" ብሎ ስቆብኛል። እሱ ደጄ ላይ ሞተሩን አስነስቶ ቆሞ "እህ፣ የት ነው?" ሲለኝ ታየኝ።

"አይ፣ ይጠብቅ። አሁን አገኘዋለሁ" አልኳት።

አራት ገባሁ። አራት ላይ ባለቤቱ አለ! ለካ የመንገድ ሠሪዎቹ ካምፕ በዚያ ሳምንት ተነስቶ ወደ እኛ ቀርቧል፤ ያን ሁሉ ወር ባዶ የነበረው ሜዳ ሰው ሞልቶበታል። ወደ ሦስት ሄድኩ። ጠራሁ፣ እስከ ሃያ ቆጠርኩ፣ ምንም። አንድ። ሁለት። ሁለት ላይ አበበች "መጣ?" ስትለኝ "አልመጣም" ብዬ አለፍኩ። ሦስት። አራት። እንደገና።

ሁለት ሰዎች አንድ ቤት ዙሪያ እየዞሩ ሲፈላለጉ አይታችኋል? እርምጃቸው እኩል ከሆነ እስከ ማታ ቢዞሩ አይገናኙም። ማርቆስ የሚዞረው እኔ ባስተማርኩት ቁጥር፣ እኔ ባስተማርኩት ፍጥነት ነው። እኔ ሦስት ላይ ሆኜ እስከ ሃያ ስቆጥር እሱ ሁለት ላይ "አንጋጫ፣ አንጋጫ" ይላል። አበበች በተራራው ምክንያት አትሰማውም። የሚሰማው ጆሮ የእኔ ብቻ ነበር፤ እኔ ደግሞ እሱን ፍለጋ ሄጃለሁ።

አራት ሰዓት ሆነ። አምስት ሆነ። ድንቹ ሰሃኑ ላይ ቀዝቅዞ ጠቆረ። የማዞሪያው ቁልፍ ጣቴን ላጠው። ዝናቡ መጀመሪያ ተራራው ላይ ሲያጉረመርም ሰማሁት፣ ቀጥሎ ቆርቆሮው ላይ ወረደ። ወንዙን አሰብኩ። ሴትዮዋን አሰብኩ፤ በዓይን አላውቃትም፣ ነገር ግን ሚስቴ በዚያው ሰሞን የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ይህም ሁሉ ሆኖ እጄን ከማዞሪያው አላነሳሁም። አሁን ብቆም እስከ አሁን የዞርኩት ሁሉ ስህተት ሊሆን ነው።

ስድስት ሰዓት ገደማ ሁለት ላይ ሳልፍ አበበች ያዘችኝ።

"ሄራሞ፣ ስማኝ።"

"ጊዜ የለኝም።"

"ስማኝ እላለሁ! በወለደችህ እናት፣ እዚህ ተቀመጥ!"

"አንቺ የማርቆስን ነገር ምን ታውቂያለሽ?"

"እኔ ምንም አላውቅም። አንተ አውቀህ ሴትዮዋን ልትገድል ነው?"

ተናደድኩ። መልስ ሰጠኋት፣ እሷም መለሰችልኝ፣ ተጨቃጨቅን። ሃያው አለፈ፣ አርባውም አለፈ። እሷ ትንፋሽ ስትወስድ በመሃል የማርቆስ ድምፅ ገባ፤ ሰልሏል፣ ጉሮሮው ደርቋል።

"አንጋጫ... አንጋጫ..."

"ማርቆስ! የት ነህ? የቱ ኬላ?"

"ታችኛው። ታችኛው ኬላ። የት ነበርክ፣ ሄራሞ?"

"እዚሁ ነበርኩ" አልኩት። "ሁለት ላይ ነበርኩ።"

ቃሉ እንዴት ከአፌ እንደወጣ አላውቅም። ማንም አላስገደደኝም። አበበች ሰማችኝ። "መኪናው ተነስቷል" ብቻ አለች።

የቀረውን የነገረኝ ሾፌሩ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ወንዙ ዳር ደረሰ። ውሃው ቀይ ሆኖ ግንደ እንሰት ከነሥሩ እየጎተተ ይወርዳል። ማዶ ማርቆስና የሰፈሩ ሰዎች ቃሬዛ ተሸክመው ቆመዋል፤ አማረች በጋቢ ተሸፍናለች። ይጮሃሉ፣ ውሃው ድምፃቸውን ይውጠዋል። ጎበዞች ገመድ ሊወረውሩ ሞከሩ፣ አልሆነም። ሾፌሩ ሞተሩን ሳያጠፋ ጠበቀ። በኋላ ወንዶቹ ቃሬዛውን ቀስ አድርገው መሬት ላይ ሲያስቀምጡ፣ ሴቶቹም ዙሪያውን ሲቀመጡ አየ። "ያን ጊዜ ሞተሩን አጠፋሁት" አለኝ። ሕፃኗ ከጎረቤት ቤት ቀርታ ነበር፤ ተረፈች።

ለቅሶ ሄድኩ። ሉቃስ ረጅም፣ ዝምተኛ ገበሬ ነው። በሁለት እጁ ጨብጦ፣ "አንተ እንኳ ቁጭ ብለህ ስትጠብቅ ነበር አሉ። እግዚአብሔር ይስጥህ" አለኝ። ማርቆስ እዚያው አጠገባችን ተቀምጧል፤ ዓይኑን ከመሬት አላነሳም።

ከሳምንት በኋላ ቴክኒሻኑ መጥቶ ሦስታችንንም ሆሳዕና ላይ ሰበሰበን። "ከወረቀቱ የወጣው ማነው?" አለ።

"እኔ ነኝ። መጀመሪያ አራት ገባሁ፣ ከዚያ ዞርኩ" አለ ማርቆስ። ያስተማርኩት እኔ መሆኔን አልተናገረም።

"ሄራሞ?"

"ሁለት ላይ ነበርኩ።"

ወደ አበበች ዞረ። "ሁለት ላይ ነበር?"

"ሁለት ላይ አነጋግሬዋለሁ፤ ከአንድም አራት አምስት ጊዜ" አለች። እውነቷን ነው። ከዚያ ዞር ብላ አየችኝ። የቀረውን እኔ እንድጨምር ጠበቀች። ረጅም ጊዜ ጠበቀች። እኔ መስኮቱን አየሁ፤ ውጭ አንድ ጋሪ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ ባለቤቱ ፈረሱን ይገርፋል። ቴክኒሻኑ ደብተሩን ዘጋ።

ሬዲዮውን ከማርቆስ ወሰዱት፤ እሱንም ራቅ ወዳለ ቦታ አዛወሩት። ሀደሮ አካባቢ "ማዞሪያ ሲያጫውት ሴት ያስገደለ ድሬሰር" የሚል ስም ወጣለት። እኔ እስከ ፕሮጀክቱ መጨረሻ ወንበሩ ላይ ነበርኩ። ከዚያ በኋላ ከሁለት ቁጥር ተነስቼ አላውቅም፤ ያ ግን ለማንም አልጠቀመም። አበበችም ከሥራ በቀር አንድ ቃል ሳታናግረኝ አግብታ ሄደች።

እንግዲህ የመስቀል ሰሞን ሰው ሁሉ ሲስቅ እኔን ከማዕድ ያስነሳኝ ይህ ነው። ትዕግሥት ከተመለሰች በኋላ ሦስት ቀን እንቅልፍ አጣሁ። በአራተኛው ሚኒባስ ይዤ ሀደሮ ወረድኩ። ማርቆስ ጡረታ ወጥቶ ወደ አገሩ ተመልሷል። ደጁ ላይ ዝንጅብል አስጥቶ በእግሩ ሲያገላብጥ አገኘሁት። ጢሙ ነጭ ሆኗል፣ እኔም ያው ነኝ። ሰላምታውን እንኳ ሳልጨርስ ነገርኩት።

"ማርቆስ፣ ያን ቀን ሁለት ላይ አልነበርኩም። እኔም ስዞር ነበር።"

ዝንጅብሉን ማገላበጡን አላቆመም። "ልትሞት ነው እንዴ?" አለኝ።

"አይደለም።"

"ታዲያ አሁን ምን አስነገረህ?" እግሩን አቆመ። "እኔ እኮ ሁለት ላይ መጥቼ ነበር። አንድ ጊዜ አይደለም፣ ደጋግሜ። 'ሬዲዮዬ ሞቶ ይሆን? ቁጥሩን ስቼ ይሆን? ጆሮዬ ነው ወይ የደነቆረው?' እያልኩ ነው ያረጀሁት። እጄን አላምነውም ነበር፣ ሄራሞ። ለታማሚ መርፌ ስወጋ እንኳ ሁለቴ ሦስቴ ነበር የማየው።"

"ይቅር በለኝ" አልኩት።

"እኔን ተወኝ። የሞተችው የእኔ ሚስት ናት?" በጣቱ ቁልቁል አመለከተኝ። "ሉቃስ ከወፍጮው ጀርባ ነው ቤቱ። አለ። ልጂቱም አለች፤ ዛሬ የልጆች እናት ናት። ሂድና ንገራቸው።"

"ዛሬ?"

"መቼ ሊሆን ነው?"

ወደ ወፍጮው አየሁ። ጢሱ ይታያል፣ ድምፁም ይሰማል፤ ሩቅ አይደለም። ሰማዩ ከብዷል፣ የመጨረሻው ሚኒባስ ሊሄድ ነው አልኩት። ማርቆስ ዝንጅብሉን ማገላበጥ ጀመረ። ተሳፍሬ ተመለስኩ።

ይህ ከሆነ ሁለት ሳምንቱ ነው። ሚስቴ "ሉቃስ ረስቶታል፣ ቁስል አትንካ" ትለኛለች። ሰው ምን ይረሳል ምን አይረሳም እኔ አላውቅም። የማውቀው፣ ሉቃስ ሠላሳ ዓመት ማርቆስን ያለ ጥፋቱ ሰላም ሳይለው፣ እኔን ሲያመሰግነኝ መኖሩን ነው። ቅዳሜ ገበያ ስለሆነ ቤቱ አይገኝም። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ እደርሳለሁ።

በዚህ ደካማ ፊደሌ ቁጭ ብዬ ይህን ሁሉ የጻፍኩት ለወግ አይደለም። "ሁለት ላይ ነበርኩ" ማለትን አፌ ለምዶታል፤ ሉቃስ ፊት ስቀመጥ ከእውነቱ ቀድሞ እንዳይወጣብኝ ፈርቼ ነው። ወረቀቱን ይዤ እሄዳለሁ። አፌ እምቢ ካለኝ የአማረች ልጅ ታነብለታለች።